ለትንሿ መኪናዬ መሥሪያ ዕቃዎች የኤሌክትሪክ ምንጭ ስመርጥ

ጓደኞቼ በሬዲዮ ሞገድ የምነዳትን ትንሽ መኪና ባዩ ቍጥር ፍጥነቷን ይጠይቁኛል፤ የምትጠገንባቸው ዕቃዎች ኃይላቸውን ከየት እንደሚያገኙ ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። እኔም ብሆን ነገሩን በደንብ ያሰብኩበት ቤታችንን ላቃጥል ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

በሺሺንዳ ቤታችን ግድግዳ ላይ የምናገኘው ኤሌክትሪክ፥ እንደ አገራችን ሁሉ፥ 220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ነው። የእኔ ባትሪ መሙያ፥ የመበየጃ ካውያና ትንሽ መብሻ ግን የሚሠሩት በ12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። ይኸውም እንዲህ ያሉት መሙያዎች ሜዳ ላይ ከትልቅ መኪና ባትሪ ጋር እንዲገናኙ ታስበው ስለሚሠሩ ነው። ስለዚህ በመካከል 220ውን ወደ 12 የሚያወርድ ዕቃ ያስፈልጋል።

አምና አባቴ ቡና ሸጦ ባገኘው ገንዘብ መሙያውን ገዛልኝ። እኔም አንድ አሮጌ የኢንተርኔት ማከፋፈያ አዳፕተር አግኝቼ «12 ቮልት» የሚል ባነበብኩ ጊዜ ደስ ብሎኝ ሰካሁት። ጽሑፉ ቀጥሎ «2 አምፔር» ይል ነበር፤ መሙያው ግን 5 አምፔር ይፈልጋል። በሌሊት እናቴ «ኧረ ተነሥ፥ ምንድን ነው የሚሸተኝ?» ብላ ቀሰቀሰችኝ። አዳፕተሩ ከታናናሽ ወንድሞቼ ፍራሽ አጠገብ ቀልጦ ይጨስ ነበር። አባቴ ምንም አልተናገረም፤ ዝምታው ግን ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ ለፊዚክስ መምህራችን ብነግራቸው፥ «ቮልቱን አየህ፤ አምፔሩንስ ለማን ተውከው?» አሉኝ።

ከቦንጋ አጠገብ ያለውን የባርታን ፏፏቴ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ቮልት ውኃው የሚወርድበት ከፍታ ነው፤ አምፔር ደግሞ በየሴኮንዱ የሚወርደው የውኃ ብዛት ነው። ሁለቱ ሲባዙ ኃይሉን በዋት ይሰጣሉ። ቮልቱ ዕቃው ከሚፈልገው ጋር መስማማት አለበት። አምፔሩ ግን ቢበልጥ አይጎዳም፤ ዕቃው የሚስበው የሚበቃውን ብቻ ነውና። ቢያንስ ግን ምንጩ ከዐቅሙ በላይ ተጎትቶ ይግላል።

እንግዲህ ሒሳቡን ሠራሁ። ካውያው 60 ዋት፥ መሙያው 60 ዋት፥ መብሻው 24 ዋት፥ በድምሩ 144 ዋት ይሆናል። ይህን ለ12 ስናካፍለው 12 አምፔር ነው። ምንጩ ሁልጊዜ በሙሉ ዐቅሙ እንዳይደክም ሩብ ያህል ጨምሬ 15 አምፔር ፈለግሁ።

አንድ ጓደኛዬ የላፕቶፕ ቻርጀር ሊሰጠኝ ነበር፤ እርሱ ግን 19 ቮልት ነው፤ የእኔ መሙያ ደግሞ ከ18 በላይ አይችልም። በመጨረሻ ቦንጋ ከሚገኝ አንድ ጠጋኝ የአሮጌ ኮምፒዩተር የኃይል ሣጥን ገዛሁ። መለያው ለ12 ቮልት 16 አምፔር ይላል። በዚህ ሣጥን ቢጫው ሽቦ 12 ቮልት፥ ጥቁሩ መመለሻ ነው፤ አረንጓዴው ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ሣጥኑ ይነሣል። ቢጫዎቹን አንድ ላይ አሰርኋቸው፤ 12 አምፔር በአንድ ቀጭን ሽቦ ቢያልፍ ሽቦው ራሱ ምድጃ ይሆናል። ሣጥኑን ግን ከፍቼ አላየሁም፤ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ክፉኛ ይመታልና። (እኔ እንኳ ይህን ያህል ተምሬያለሁ።)

ዝናብ በርትቶ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሣጥኑ ከድንጋይ አይሻልም። ለዚያ ጊዜ የሞተር ብስክሌት ባትሪ አለኝ፤ 12 ቮልትና 7 አምፔር-ሰዓት፥ ማለት 84 ዋት-ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ እስከ መጨረሻው ቢራገፍ ቶሎ ስለሚሞት ግማሹን ብቻ እወስዳለሁ። ይህም 22 ዋት-ሰዓት ገደማ የሚይዘውን የመኪናዬን ባትሪ አንድ ጊዜ ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል፤ ካውያውን ግን ከ42 ደቂቃ በላይ አያቆይም። ስለዚህ ብየዳውን መብራት ሲኖር እጨርሳለሁ፤ በጨለማ የምሠራው ባትሪ መሙላት ብቻ ነው።

አሁን የምሞላው በረንዳ ላይ፥ በሸክላ ምጣድ ውስጥ አድርጌ፥ አጠገቡ ተቀምጬ ነው። ወደ መኝታዬ ስገባ እናቴ ከጓዳ ሆና «ነቀልከው?» ትለኛለች፤ ብነቅለውም ተመልሼ አይቼ እመጣለሁ።