ዊስኪ የሚገዛው ለስሙ ነውን ወይስ ለጣዕሙ?

ዊስኪ የሚጠጣ ሁሉ ጣዕሙን ወዶ ይጠጣል ማለት አይቻልም፡፡ መጀመሪያ የቀመሰ ሰው ጉሮሮው ተቃጥሎ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ኋላ ግን ልማድ ያስወድደዋል፡፡ ሌላው ደግሞ ምላሱ ሳይወደው፣ ስለ እንግዳ ክብር ብቻ ጠርሙሱን ከገበታ ላይ ያኖራል፡፡

አይላ በምትባለው የስኮትላንድ ደሴት ብዙ ዊስኪ አውጪዎች ብቅሉን ከረግረግ በሚቆፈር ፒት በተባለ ማገዶ ጢስ ያደርቁታል፡፡ አንዱ ጠጪ «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» ብሎ ይሸሸዋል፤ ሌላው ስለዚሁ ጢስ ዋጋ ይጨምራል፡፡ በወይራ በታጠነ ጋን የተጠመቀ ጠላ ለለመደ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም፡፡

የስኮትላንድ ዊስኪ በሕግ ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ በኦክ እንጨት በርሜል ይቆያል፤ አልኮሉም ከመቶ 40 እጅ አያንስም፡፡ በጠርሙሱ ላይ «12 ዓመት» ተብሎ ቢጻፍ፣ በውስጡ ከተደባለቁት የታናሹ ዕድሜ ነው፡፡ ዕድሜው ሲጨምር ዋጋው ይወጣል እንጂ ጣዕሙ ለሁሉ ይስማማል ማለት አይደለም፡፡

ስለዚህ ለክብር የሚገዛው ስመ ጥሩውን ይሻል፤ ለጣዕም የሚገዛው ግን ቀምሶ ይመርጣል፡፡ ሁለቱን ሳይለይ በሣጥን በሣጥን የሚያዝዝ ነጋዴ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀርበታል፡፡ አስቀድሞ ደንበኛን በትንሽ ብርጭቆ ማቅመስ ከብዙ ኪሣራ ያድናል፡፡