ከመዝገብ የተሠረዘው ከመጋዘን አልወጣም፦ የቨርቹዋል ማሽን የዲስክ ፋይልን ስለ ማሳነስ

በመርካቶ እህል በረንዳ ለረጅም ጊዜ የነገደ ሰው መዝገብና መጋዘን ሁልጊዜ እንደማይስማሙ ጠንቅቆ ያውቃል። በመዝገቡ ላይ «ወጪ» ተብሎ የተሠረዘ ጤፍ ጆንያው እስካልተነሣ ድረስ ቦታውን እንደያዘ ይቀመጣል። መዝገብ ያዡ ቦታው ነፃ መሆኑን ስለሚያውቅ አዲስ ጭነት ሲመጣ አሮጌውን አስነሥቶ አዲሱን ይተካበታል፤ ለእርሱ ችግር የለም። መጋዘኑን እንዳለ ወደ ሌላ ሰፈር ለማዛወር የተቀጠረው የጭነት መኪና ሹፌር ግን መዝገቡን አይቶት አያውቅም። እርሱ የሚያየው ጆንያ ነው፤ ዋጋ የሚጠይቀውም በጆንያው ቁጥር ልክ ነው።

በቨርቹዋል ማሽን የሚገለገሉ መምህራን ዘወትር የሚገጥማቸው ችግር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ እውነተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) በትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ሠርቶበታል። ለትምህርት ሥራ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የአማርኛ መጻፊያውን፣ የሒሳብና የሳይንስ ማስተማሪያ ፕሮግራሞቹን አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ በአንድ ፋይል ቢያኖር፣ ለማስተማር ልምምድ ወደ አዲስ ከተማ ትምህርት ቤቶች የሚሠማሩት ሠልጣኞች ያንኑ ፋይል ይዘው መሄድ ይችላሉ። የትምህርት ቤቶቹ ኮምፒዩተሮች በዕድሜና በዓይነት ቢለያዩም፣ ፋይሉን ለማንቀሳቀስ አቅም እስካላቸው ድረስ ተማሪው የሚያየው አንድ ዓይነት ነገር ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ በአሮጌ መሣሪያ ላይ ፊደሉ በአራት ማዕዘን ሳጥን ሲተካ ያየ መምህር የዚህን ጥቅም ሳይነገረው ይረዳዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ፋይሉን መሸከም ሲያስፈልግ ነው። ለማሽኑ 40 ጊጋባይት የሚይዝ ዲስክ ተፈቅዶለታል እንበል። ዲስኩ በየጊዜው የሚያድግ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ፋይል ነው፤ ሲጻፍበት ያድጋል። ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ግን በውስጡ ያለው ሥራ 9 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ሳለ ፋይሉ 31 ጊጋባይት ሆኖ ይገኛል። በሰከንድ 10 ሜጋባይት በሚቀበል ፍላሽ ላይ ይህን ለመገልበጥ ወደ 52 ደቂቃ ይፈጃል፤ 9ኙ ብቻ ቢሆን ግን 15 ደቂቃ ይበቃ ነበር። ይህ በየፍላሹ ሲደጋገም ምን ያህል የሥራ ሰዓት እንደሚባክን ማስላት አያዳግትም።

ምክንያቱ ይኸውና። በማሽኑ ውስጥ አንድ ሰነድ ሲሠረዝ የሚነካው መዝገቡ እንጂ ይዘቱ አይደለም። ውጭ ያለው ኮምፒዩተር ደግሞ የውስጡን መዝገብ አያነብም፤ አንድ ጊዜ የተጻፈበትን ክፍል ሁሉ እንደተያዘ ይቆጥራል። በቨርቹዋልቦክስ የራሱ የዲስክ ዓይነት ለምሳሌ ቦታው በ1 ሜጋባይት ክፍሎች ይደለደላል፤ በዚያ ውስጥ 4 ኪሎባይት የማያክል ቁራጭ ጽሑፍ እንኳ ቢቀር ክፍሉ በሙሉ እንደተያዘ ይቆያል። እዚህም እዚያም የተበታተነ ዲስክ በቀላሉ የማይሳሳው፣ ዊንዶውስ በሚሠራበት ማሽን ላይም አስቀድሞ የተበታተነውን መሰብሰብ የሚበጀው ከዚህ የተነሣ ነው።

መፍትሔው ነፃውን ቦታ በዜሮ መሙላት ነው። ዜሮ ብቻ የያዘ ክፍል ምንም እንዳልያዘ ውጭ ላለውም ፕሮግራም ይታወቃልና። በመጀመሪያ ግን የማያስፈልገው ይወገዳል፦ የወረዱ የፕሮግራም ማሻሻያዎች፣ አሮጌ የሥርዓት ቅጂዎች፣ የቅርጫት ይዘት። ቀድሞ የተያዙ የማሽኑ ሁኔታ ቅጂዎችም አብረው መታየት አለባቸው፤ እነርሱ ካልተነሡ የቀረው ድካም ሁሉ እምብዛም ፍሬ የለውም። ከዚያም በሊነክስ ላይ «ዲዲ» በተባለው ትእዛዝ፣ በዊንዶውስ ላይ «ኤስዲሊት» በተባለው ፕሮግራም የ«ዜድ» ምልክት ታክሎበት ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ ዜሮ ይጻፋል። በሊነክስ በኩል መጨረሻ ላይ «ቦታ አልቋል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ይህ ስሕተት ሳይሆን የሚፈለገው ነው። የዜሮው ፋይል ከተሠረዘ በኋላ ማሽኑ ይዘጋና ውጭ ሆኖ የማጥበቂያው ትእዛዝ ይሰጣል። መጠኑ ከመጀመሪያው ተወስኖ የተፈጠረ ዲስክ ግን በዚህ መንገድ አያንስም። በውስጡ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ዲስክም እንዲሁ ነው፤ የተጻፈው ዜሮ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ ከውጭ ሲታይ ዜሮ አይመስልም።

በሥራው መሐል ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛው፣ ዜሮው በሚጻፍበት ጊዜ እንደ ዲስኩ ዓይነት ፋይሉ እስከ ሙሉ 40 ጊጋባይቱ ሊያብጥ ስለሚችል ውጭ በቂ ቦታ መኖር አለበት። ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። የቨርቹዋልቦክስ ማጥበቂያ የሚሠራው በዚያው ፋይል ላይ ስለሆነ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ የሴሚስተሩ ሥራ በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ አስቀድሞ ቅጂ መያዝ ግዴታ ነው። የኬምዩ መለወጫ ግን አዲስ ፋይል ጽፎ አሮጌውን ሳይነካ ስለሚተው በዚህ ረገድ ይመረጣል።

ከመጠኑ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ግን በተሠረዘው ቦታ ላይ ምን እንደቀረ ነው። ማሽኑን ያዘጋጀው መምህር በዚያው ላይ የፈተና ጥያቄ አውጥቶ፣ የተማሪ ውጤት ደምሮ፣ በመጨረሻ ሠርዞት ሊሆን ይችላል። ዜሮ ካልተጻፈበት ያ ሁሉ ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞችም ሊያወጡት ይችላሉ። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው መሰረዙና በሌላ መተካቱ ይታወሳል። ያ የሆነው በዚህ መንገድ ነው ለማለት ሳይሆን የአንድ ፈተና ማፈትለክ ስንቱን ተማሪ እንደሚጎዳ ለማስታወስ ያህል ነው። የተጣለ በርሜል ምድጃ ሆኖ የሚወጣበት ምናለሽ ተራ ባለበት ከተማ ያገለገለ ኮምፒዩተርም ባለቤት እንደሚያገኝ መርሳት አይገባም።

ይሁንና ዜሮ መጻፍ ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ በሥርዓቱ የሥራ መዝገብና በሰነዶች ጫፍ ላይ ፍርፋሪ ሊቀር ይችላል። ስለሆነም ለሚታደል ማሽን የሚበጀው ፈተናና ውጤት ከመጀመሪያው ያልገቡበት፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ማሽን ማዘጋጀት ነው።

የጠበበው ፋይል ከመታደሉ በፊት ተከፍቶ መሞከር አለበት። በፋት 32 ሥርዓት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ 9 ጊጋባይቱን ለመጫን ፍላሹን በኤክስፋት ማዘጋጀት፣ ወይም ፋይሉን በሦስት ከፍሎ በትምህርት ቤቱ እንደ ቅደም ተከተሉ መገጣጠም ያስፈልጋል።