ቀይ አፈርና የጎልማሳ እግር፦ ዝሆኔ በወለጋ

ባኬ ጃማ እየተባለች ከምትጠራው ነቀምቴ አንስቶ እስከ ምዕራብ ወለጋ ከተሞች ድረስ ስለ ጎልማሳነትና ስለ እርጅና ጤና ሲወሳ ቀድሞ የሚነሳው የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ስለተገኘባቸው ስጋቱ ተገቢ ነው። ይሁንና በዚህ ደጋና ወይና ደጋ ምድር ብዙ ገበሬ ገና በጉልበቱ ሳለ ከእርሻው የሚያስቀረው፣ መከላከል እየተቻለ ለረጅም ዘመን ችላ የተባለው ሕመም ዝሆኔ ነው።

ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ለዓይን የማይታዩ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው ውስጥ ያልፉበታል። ቅንጣቶቹ ከሰውነት ሕዋሳት የሚወጣውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ማለትም የሊምፍ ቱቦዎችን፣ እያስቆጡና እያጠበቡ ይሄዳሉ፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣም እግር ያብጣል፣ ቆዳም ይወፍራል። በቆላ ትንኝ ከምታስተላልፈው በትል ከሚመጣው የዝሆኔ ዓይነት የሚለየው በዚህ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ፈጽሞ አይተላለፍም። አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮ ውርሱ ይበልጥ ተጋላጭ በመሆኑ ሕመሙ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሊደጋገም ቢችልም፣ ይህን እርግማን አድርጎ ማየትና ጋብቻ መከልከል በሕሙማኑ ላይ የሚጨመር ከባድ በደል ነው።

በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ሕመሙ በነዋሪው 2.8 በመቶ ላይ እንደሚገኝ አመልክቷል፤ እያንዳንዱ ሕመምተኛ በአማካይ በዓመት ቢያንስ 6 ጊዜ፣ እግርን የሚያቃጥልና ትኩሳት የሚያስከትል ከባድ ሕመም እየተነሣበት 25 ያህል የሥራ ቀን ያጣል። ሕመሙ የሚጀምረው በልጅነትና በወጣትነት ሲሆን፣ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ሰውየው ልጆቹን በሚያሳድግበት ዕድሜ ነው።

በዚያው በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ከአፈር የሚመጣ ዝሆኔ ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር አስገብቶታል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2013 በብሔራዊ ዕቅዷ አካታዋለች። ሕክምናው በዋናነት የእግር ጥበቃ ነው፦ እግርን በየዕለቱ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥቦ ጣቶቹን ሳይቀር ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት፣ እብጠቱን በፋሻ ማሰር፣ ሲያርፉ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሙከራ ጥናት፣ ይህን የመሰለ ቀላል ክብካቤ ትኩሳት ያለውን ሕመም በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንሰው አረጋግጧል።

በመጀመሪያ ደረጃ ላይ የተጀመረ ጥበቃ እብጠቱን ወደ ኋላ ሊመልሰው ስለሚችል፣ በጎልማሳነት መጀመሪያ የሚደረግ ምርመራ ከእርጅና ሕክምና እጅግ ይበልጣል። አስቸጋሪው ነገር ውኃ በሩቅ በሚቀዳበት ቤት በየቀኑ መታጠብ፣ ያበጠ እግርም በገበያ የሚሸጥ ጫማ የማይገባው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ከሳሙናና ከፋሻ ጋር በልክ የሚሰፋ ጫማ እንዲያቀርቡ፣ የከተሞቹ ጫማ ሰፊዎችም ለዚህ እንዲሠለጥኑ በጀት ሊመደብ ይገባል።