ጾም ሲፈታ አላምጦ መብላት

55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ተፈጽመው፣ ምእመናን የትንሣኤውን ቅዳሴ አስቀድሰው ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ ለሳምንታት ከሥጋ፣ ከቅቤና ከወተት ርቆ የሰነበተው ገበታ በአንድ ሌሊት ይለወጣል። በጾሙ የተማርነው ራስን መግዛት ግን በዶሮ ጩኸት የሚያበቃ ትምህርት አይደለም። እናቶቻችን ከዶሮው ወጥ አስቀድመው ተልባ በጥብጠው ማቅረባቸው፣ ባዶ የሰነበተ ሆድ በዝግታ እንዲለምድ ከማሰብ የመነጨ ነው። ይኸው ጥበብ በአፍም ሊፈጸም ይገባዋል።

የማሻ ገበታ

በሸካ ዞን በምትገኘው ማሻና በአካባቢዋ፣ ገበታው ደኑና ጓሮው የሚሰጡት ነው፤ ቆጮ፣ ጎደሬ፣ ማርና ቡና። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበውም ይህን ሀብት አቅፎ ነው። ቆጮ ቃጫ ያለው ምግብ በመሆኑ በደንብ ካልታኘከ አይዋጥም፤ ጥርስንና መንጋጋን ያሠራል። ማር በበኩሉ በረከት ቢሆንም በጥርስ ላይ ተጣብቆ የሚቆይ ጣፋጭ ነው። በአፍ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ጣፋጩን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ጥርስ ይቦረቡራል። ስለዚህ ከማርና ከጠጅ በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ተገቢ ነው።

ማላመጥ ምን ይጠቅማል?

የምግብ መፈጨት የሚጀምረው በአፍ ነው። በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚመነጨው ምራቅ ምግቡን ያለሰልሳል፤ የእንጀራውንና የቆጮውን ስታርች መሰባበር ይጀምራል፤ ጥርስንም ከአሲድ ይከላከላል። በሌላ በኩል የመጥገብ ስሜት እስኪሰማ 20 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ ፈጥኖ የሚውጥ ሰው ከመጥገቡ በፊት ከልኩ ያልፋል። በተለይ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን በበዓል ማግስት የሚቸገሩት ከዚህ የተነሣም ጭምር ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን መታነቅ ነው። ያልተላመጠ ቁርጥ ሥጋ የአየር ቧንቧ ሲዘጋ በደቂቃዎች ውስጥ ነፍስ ያጠፋል። ጥርሳቸው ለጎደለ አረጋውያንና ለሕፃናት ሥጋው ደቅቆና በስሎ ይቅረብ። የታነቀ ሰው መናገርም ሆነ ማሳል ካቃተው ውኃ አይሰጠው፤ ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍ መምታት፣ ካልተሻለው ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን ያስፈልጋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ሆድ አይጫንም።

ጥርስ መሣሪያ አይደለም

ለአዋቂ የተሰጡት 32 ጥርሶች ሲወድቁ ሌላ አይበቅልም። አጥንት መሰባበር፣ የጠርሙስ ቆርኪ በጥርስ መክፈት፣ ደረቅ ባቄላ መቆርጠም የጥርስን ሽፋን ይሰነጥቃል። በአንድ ወገን ብቻ ማኘክም የታመመ ጥርስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። የድድ ሕመም የስኳር በሽታን እንደሚያባብስም ታውቋል። ከደን ውስጥ ቀበሌ ተነሥቶ ሐኪም ዘንድ መድረስ ረጅም መንገድ ነውና፣ መፋቂያን በየዕለቱ ማዘውተር ርካሽ ጥበቃ ነው። ስቴኪኒ ሲጠቀሙም ድድን አለመውጋት ይገባል።

ጫት መቃምም ከጎጂ የማኘክ ልማዶች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 አላግባብ ጥቅም ላይ ከሚውሉ ዕፆች መድቦታል። አፍን ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይቀንሳል፣ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ አብሮት የሚወሰደው ስኳርና ለስላሳ መጠጥም ጥርስን ይጎዳል። ቤተ ክርስቲያንም ልጆቿን ከዚህ ልማድ እንዲርቁ ትመክራለች።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ንጹሓን ከተባሉት እንስሳት ምልክቶች አንዱ ማመስኳት ነው። አባቶች ይህን፣ ቃለ እግዚአብሔርን ደጋግሞ ማሰላሰል ነው ብለው ተርጉመውታል። ሥጋዊውን ምግብ በዝግታ የሚያላምጥ ሰው፣ ለማመስገንም ሆነ በማዕዱ ዙሪያ የተቀመጠውን ነዳይ ለማየት ጊዜ ያገኛል።