«ሥዕሉ ላይ ምን ነበር?»



ደሴ ውስጥ ለወጣት እኅቶች ስለ ሰውነት ለውጥ ባስተማርንበት ቀን ትልልቅ ሥዕሎች ግድግዳ ላይ ሰቅለን ነበር። ስንጨርስ ከኮምቦልቻ የመጣች ዓይነ ስውር ተማሪ በትሯን ይዛ ቀረበችና፣ «እትዬ፣ ሥዕሉ ላይ ምን ነበር?» አለችኝ። አፈርሁ። የመጀመሪያ የወር አበባዋ ሲመጣ ደም መሆኑን አላወቀችም ነበር፤ አንድ ነገር መኖሩን የተረዳችው የክፍል ልጆች ሲስቁ ነው። አስቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም።

ዝም የምንለው «ለእርሷ ምን ያደርግላታል?» ብለን ነው። በደቡብ ወሎ፣ አማራ ሳይንት የተወለዱት የሕግ ባለሙያዋ ወ/ሮ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመታቸው የዓይን ብርሃናቸውን በማጣታቸው ለትዳር አይሆኑም ተብለው ከልጅነት ጋብቻ እንደ ተረፉ ይናገራሉ። ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል፤ አግብተውም ልጆች ወልደዋል። እርሳቸውን ከጋብቻ ያስጣለው ያው አስተሳሰብ ግን ዛሬም ስንቶችን ያለ እውቀት ያስቀራል! አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 25 የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ለእነርሱም እንደሚገባ ይደነግጋል።

ታዲያ እንዴት እናስተምር? በጆሮና በእጅ ነው።

አንደኛ፣ የሰውነትን ክፍል በስሙ ጥሩ። «እንትን» ብሎ በጣት ማሳየት ለማያይ ሰው ምንም አይነግርም።

ሁለተኛ፣ ማኅፀንን ከጭቃ ሠርታችሁ ትዳስሰው። ንጹሕ ሞዴስና የውስጥ ልብስ ሰጥታችሁ አቀማመጡን ትለማመድ። የወር አበባዋንም ቀን በብሬል ትመዝግብ። ሴቶችን ሴት፣ ወንዶችን ወንድ ያስተምር።

ሦስተኛ፣ ስለ መነካት አስተምሩ። ስትመሯት አትጎትቷት፤ ክንዳችሁን ስጧትና እርሷ ትያዝ። መንገድ የሚመራት ሰው ሁሉ ሰውነቷን የመንካት መብት እንደሌለው፣ እምቢ ማለትም እንደምትችል ትወቅ። ተገድዳ ከተደፈረች ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

አራተኛ፣ ምስጢሯን ጠብቁ። የምርመራ ውጤቷን ማን እንደሚያነብላት እርሷ ትምረጥ።

«ይህን ማስተማር ወደ ኃጢአት አይገፋም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቅድስና ከድንቁርና አይወለድም። ዘሌዋውያን 19፥14 በዕውር ፊት እንቅፋት እንዳናኖር ያዘናል። የእኛ ዝምታ ራሱ እንቅፋት ሆኖ ቢገኝስ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጭቃ የሠራሁትን ማኅፀን ይዤ ጠበቅኋት። በጣቶቿ ዙሪያውን ዳሰሰችውና፣ «ይህን ታህል ናት እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ጥያቄዋ አላቆመም።

ውድ ባለትዳሮች፣ ጌታ በርጤሜዎስን ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ጠየቀው። በጉባኤያችሁ ያሉትን ዓይነ ስውራን ወጣቶች እናንተስ ጠይቃችኋቸው ታውቃላችሁ? ጌታ ይርዳን።