አጥንትን የሚያሳሳ ዕረፍት



ዛሬ የምናገረው ስለ አጥንት ነው፤ መነሻዬ ግን ብዙዎቻችን በየቤታችን የምንናገረው ቃል ነው፦ «እማዬ፣ አንቺ ዕረፊ፤ እኛ አለንልሽ።»

እናቶቻችንን ከገጠር ወይም ከቀድሞ ሰፈራቸው አምጥተን በገርጂ፣ በሰሚት ወይም በአያት ኮንዶሚኒየም ስናኖራቸው ዘንቢሉን ከእጃቸው እንቀበላለን፤ ሊፍት በሌለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃውን እንዳይወርዱ እንከለክላለን። የምናደርገው በፍቅር ነው። አጥንት ግን የሚጠነክረው በሸክም ነው።

ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው ሥራ፣ አጥንት በሚያርፍበት ጫና ልክ ውስጣዊ አሠራሩን እንደሚለውጥ አስረድቷል። አንዳንዶቹ ሕዋሳት አሮጌውን አጥንት ያፈርሳሉ፤ ሌሎቹ አዲሱን ይገነባሉ። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ያይላል፤ ኋላ ግን ፍርሰቱ ይበልጣል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ሲቋረጥ ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ ይህ ይፋጠናል። ጫና ሲጠፋ የሚሆነውን ጠፈርተኞች አሳይተውናል፤ በቂ እንቅስቃሴ ካላደረጉ ከዳሌ አጥንታቸው ጥግግት በየወሩ 1 በመቶ ያህል ያጣሉ።

በዚህ ላይ የአኗኗራችን ነገር ይጨመራል። አዲስ አበባ ፀሐይ የማይጎድላት ከተማ ናት፤ ሆኖም ለቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገው ጨረር የመስኮት መስታወት አልፎ አይገባም። ሳሎን ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ ሰውነትን ቢያሞቅም ለአጥንት አይተርፍም። ወተትና አይብ በማይቀመሱባቸው የጾም ወራትም ካልሲየም ከጤፍ፣ ከጎመንና ከሰሊጥ መገኘት አለበት።

መውደቅን መፍራታችን ተገቢ ነው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባል ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ነገር ግን መቀመጥ ጡንቻንና ሚዛንን ስለሚያደክም መውደቅን ያቀርበዋል እንጂ አያርቀውም። ስለዚህ እጅን ሳይደገፉ ከወንበር መነሣት፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ መውጣትና መውረድ በየቀኑ ይለመዱ። በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት ደግሞ በባለሙያ ክትትል ለ8 ወራት ክብደት ያነሡ፣ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች የወገብ አጥንታቸው ጥግግት እንደጨመረ አሳይቷል። ቀድሞ ስብራት የደረሰበት ሰው ግን ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ከማንሣቱ በፊት ሐኪም ያማክር።

እንግዲህ ዘንቢሉን ጨርሰን አንንጠቃቸው። ከባዱን እኛ ይዘን ቀላሉን እንተውላቸው፤ በደረጃውም ከጎናቸው እንውረድ።