ከፋሲካ ማግስት የሚነሳው ሪህ

በላይ ጋይንትም ሆነ በስማዳ፣ 55 ቀን የተጾመው ሁዳዴ ሲፈታ በግ ይታረዳል፤ ጠላውና አረቄው ይቀርባል። ሪህ ያለባቸው አዛውንት ግን ሌሊቱን የእግራቸው አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ፣ ጋቢ እንኳ ሲነካው ያስጮኻቸው ይሆናል።

ምክንያቱ ዩሪክ አሲድ ነው። ሥጋና መጠጥ በደም ውስጥ ያበዙታል፤ ኩላሊት ማስወገድ ሲያቅተው እንደ መርፌ የሾለ ቅንጣት ሆኖ መገጣጠሚያ ውስጥ ይከማቻል። ሽሮና ምስር ያለ ጥፋታቸው ይወቀሳሉ እንጂ ዋናዎቹ ቀስቃሾች እነሱ አይደሉም።

ሕመሙ ሲነሳ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ ያስታግሳል። የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ ግን ኩላሊታቸው ለደከመ አረጋውያን አደገኛ ነው። ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰውን መድኃኒት አሎፑሪኖልን የጀመረም ሕመሙ ተነሳብኝ ብሎ በራሱ አያቋርጥ።

ትኩሳት ከታከለበት መገጣጠሚያው መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ዛሬ ነገ ሳይሉ ታማሚውን ደብረ ታቦር ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።